ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

«እህቴማ አቧራ ነው የምትጠርግልኝ» አለ ወንዴ በስልኩ፣ እየሳቀ። ሰብሌ ይህን የሰማችው ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ነው። በእጇ የቀለም ብሩሽ ይዛ ከፋኑ ክንፎች ላይ አቧራ እየጠረገች ነበር። ያናደዳትም ይኸው ነው። ውሸቱ ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብላ አፉን ታስይዘው ነበር፤ ወንዴ ግን ሲዋሽም ከእውነት ቆንጠር አድርጎ ይነሰንስበታል፣ እንደ ጨው። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ጋሽ ደሳለ ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆቴል ያለው። «ኧረ በነአኩቶ ለአብ፣ እኔው ራሴ ነኝ የገጠምኩት፤ ከቦርዱ እስከ ቡሎኑ! ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ ብለው በዓይንዎ ይዩት» አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ታናሽ እህቱን አያት። «ጨረስሽ?» አላት። «ጨርሻለሁ» አለችው።

ጋሽ ደሳለ የሚፈልገው ግልጽ ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት እዚሁ ደጃፍ ቆሞ፣ እናታቸው የሻረግም ሁለቱም ልጆቿም እየሰሙ ተናግሯል። ለገና የሚመጣ እንግዳ ሦስት ቀን ይሰነብትና በአራተኛው ጠዋት በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ከመሄዱ በፊት የጉዞውን ፊልም በእጁ መያዝ አለበት። ቤታቸው ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ግን የተቀረጸውን አቀናብሮ የግማሽ ሰዓት ፊልም ለማውጣት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም መብራት ካልሄደ። «በግማሽ ሰዓት የሚያወጣ ማሽን ለሠራ ሰው፣ ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ ያለችውን ክፍል፣ ቁልፏን ከነደመወዙ እሰጣለሁ» አለ። ሰብሌ ክፍሏን ታውቃታለች፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ሶኬት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። በሃያ አራት ዓመቷ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ኖሯት አያውቅም፤ በእናቷ ቤት ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው መጋረጃ ነው፣ መጋረጃውም ያጠረ ነው። ደመወዙን ማንም ይፈልጋል። እሷ የፈለገችው ቁልፏን ነው።

ማሽኑን የሠራችው እሷ ናት። ወንዴ ካሜራ ይይዛል፤ ሠርግ ላይ ጎንበስ ቀና ሲል ያምርበታል፤ ኮምፒውተርን ግን የሚያውቀው ሲበራና ሲጠፋ ነው። ለአዲስ ፕሮሰሰር አቅም ስላልነበራቸው፣ ያለውን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ እንደሚቻል ከስልኳ ላይ የለቀመችው እሷ ናት፤ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ቪዲዮ እያወረደች፣ ትምህርት ቤት በቅጡ ባላስተማራት እንግሊዝኛ እየተደናበረች። ማስሮጡ ቀላል ነው፤ አንድ ቁጥር መጨመር ነው። ከባዱ ማብላቱ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ፓወር ሰፕላዩ ወደ አሥራ ሁለት ቮልት ያወርደዋል፤ ፕሮሰሰሩ ግን የሚችለው አንድ ቮልት ከምናምን ነው። ያን አሥራ ሁለት ወደ አንድ እያወረዱ የሚያጎርሱት፣ ማዘርቦርዱ ላይ በዙሪያው የተደረደሩ፣ ጥፍር የሚያካክሉ ጥቁር ቺፖች ናቸው። እሱ በሮጠ ቁጥር የሚግሉት እነሱ ናቸው። ሰው ሁሉ ግን የሚያየው ፕሮሰሰሩን ነው፤ ትልቁ ፋን የሚጫነው እሱ ላይ ነው፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የእሱ ስም ነው። ጥቁሮቹን በስም የሚጠራቸው የለም። ይህ የገባት ቀን ሰብሌ ብቻዋን ስቃለች፤ ደስ ብሏት ግን አልነበረም።

ቦርዱን ከወልድያ በመኪና የላከላት አብዱልጀባር የሚባል ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ነው። ፊቷን አይቶ አያውቅም፤ በስልክ ብቻ ይተዋወቃሉ፤ የምትጠይቀውን ጥያቄ ከሰማ ወዲህ «ኢንጅነር» ነው የሚላት። «ኢንጅነር፣ እንዳትቀየሚኝ» ብሏት ነበር፤ «ቦርዱ ደህና ነው፤ ግን ርካሽ ስለሆነ ራቁቱን ነው የተሠራው። እነዚያ ጥቁሮች ላይ ሙቀታቸውን የሚያስወጣ አሉሚኒየም የለውም። ፍጥነት የምትጨምሪበት ከሆነ ልብስ ፈልጊለት።» ፈለገችለት። ቅዳሜ ገበያ፣ አሮጌ ብረታ ብረት ከሚሸጥበት ጥግ፣ ከተሰባበረ አምፕሊፋየር ሆድ ውስጥ ባለ ብዙ ክንፍ አሉሚኒየም አገኘች፤ በሰማንያ ብር። በብረት መጋዝ ቆረጠችው፣ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ ሙቀት የሚያሳልፍ ስስ ፓድ አንጥፋ ጥቁሮቹ ላይ በሽቦ አሰረችው፤ በላዩም አንዲት ትንሽ ፋን ደገነችበት። መልኩ አያምርም፤ አንድ ጎኑ ተጣሟል፣ ሌላው የመጋዝ ጥርስ ያረፈበት ነው። ሥራውን ግን ይሠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከቪዲዮዎቹ አንዱም አልነገራትም። እነዚያ ሰዎች የሚኖሩት ቆላ ነው፣ ባሕር አጠገብ። የእነሱን ቁጥር ስታስገባ የእሷ ቺፖች ከእነሱ ቺፖች ይበልጥ ይግላሉ። ለብዙ ቀን የተሳሳተችው እሷ መስሏት ነበር። ኋላ ነው የገባት፦ የላስታ አየር ይበርዳል እንጂ ስስ ነው። ዳገት የሚወጣውን ፈረንጅ ቁና ቁና የሚያስተነፍሰው አየር፣ ቺፕ ላይ ሲነፍስም ጠርጎ የሚሄደው ሙቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ ቮልቱን ቀነስ፣ ፍጥነቱን ረገብ አደረገችው። ፊልሙ በሃያ ስድስት ደቂቃ ይወጣል፤ ጥቁሮቹም ከሰማንያ አምስት ዲግሪ አያልፉም። ደብተሯ ላይ ሰማንያ አምስትን ጽፋ ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመረችባት። ይህን ማንም አላስተማራትም።

የሻረግ ከንጋት ጀምራ ሳሎኑን ታገላብጣለች። ሶፋው ከግድግዳው ራቀ፣ ምንጣፉ ተራገፈ፣ የባሏ ፎቶግራፍ መስታወቱ ተወለወለ። ሰብሌ ትራሶቹን እያቀበለቻት፣ ሳታያት፣ «እማዬ፣ ጋሽ ደሳለ ሲመጡ ማን እንደሠራው አንቺ ንገሪያቸው» አለቻት። የሻረግ የሶፋውን ጨርቅ ጫፍና ጫፍ ወጥራ አስተካከለች፤ ከዚያም ደግማ አስተካከለችው። በመጨረሻ፣ «የሆቴል ክፍል ቁልፍ ይዛ የምትዞር ሴት በዚህ አገር ምን ትባላለች? እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለቻት።

«ኮምፒውተር ሠሪ።»

የሻረግ አልሳቀችም። «ወንድምሽ ሲከበር ቤቱ ይከበራል። አሁን ሂጂና የታሸገ ውሃና ለስላሳ ገዝተሽ ነይ፤ ትልልቁን ውሃ። ሰውየው የቧንቧ አይጠጣም» አለቻት።

ሰብሌ በኮብልስቶኑ ቁልቁል ወረደች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከታች ፎቅ ያሉት ሱቆች ግማሾቹ እንደተዘጉ ናቸው፤ ግማሾቹ ለገና ቀለም እየተቀቡ ነው። አስጎብኚው ኪዳን እንግዳ አጥቶ ሆቴል ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አያትና፣ «ሰብሌ! ወንዴ ሳይንቲስት ሆነ አሉ!» ብሎ ጮኸላት። «ሆነ!» አለችው ሳትቆም፤ «እኔ ደግሞ መጥረጊያ ሆንኩለት።» ኪዳን ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ። ባለሱቁ ትናንት ሠላሳ ብር የነበረውን ውሃ ሠላሳ አምስት አለ። ለምን ስትለው መንገዱ ነው አለ። «ምን ሆነ መንገዱ?» «መንገድ ነዋ» አለ። ለስላሳው አልቀዘቀዘም ነበር፤ ቀዝቃዛ የሚመጣበትን መኪና ጠብቂ ተብላ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ መኪናውም አልመጣም። ሞቅ ያለውን ይዛ ስትመለስ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር።

የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ንፋስ እንዳይመልሰው ከሥሩ የሆነ ነገር ተወትፎበታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አብለጨለጨ። ሰብሌ ወዲያው አወቀችው። አንድ ጎኑ የተጣመመ፣ ሌላው የመጋዝ ጥርስ ያረፈበት። የያዘችውን ከረጢት እዚያው ደጃፍ አስቀምጣ ገባች።

ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ተሰይሟል። በመስታወት ጎኑ በኩል ሰማያዊና ቀይ መብራት ይታያል፤ ትልቁ ፋን እንደ ሙሽራ መሐል ላይ ነው። በላዩ፣ ትኩስ አየር በሚወጣበት ወንፊት ላይ ልክክ ብሎ፣ የሻረግ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል፤ በዳንቴሉ ላይ የላስቲክ አበባ ከነማሰሮው። በዚህ ቤት የተከበረ ዕቃ ሳይለብስ አይታይም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ያለፈው ፍሪጅ እንኳ ለብሷል። ይህኛው ዳንቴል ግን ለወንዴ ሠርግ ተብሎ የተሠራ፣ ከሳጥን ወጥቶ የማያውቅ ነበር።

«አሉሚኒየሙን ማን ነቀለው?» አለች ሰብሌ።

«ኧረ አስቀያሚ ነው እቴ! በመስታወቱ ሲታይ ከቁራሌው የገዛነው ይመስላል» አለ ወንዴ፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ ቆሟል። «ያቺን ውሪ ፋንም አነሣኋት፤ ትጮሃለች። ፍጥነቱንም ገፋ አደረግኩት። ሃያ ስድስት ደቂቃ ምን ይባላል? ሃያ ይሁን!»

«ቮልቱንስ?»

«አብሬ ጨመርኩለት። አንቺ ያወረድሽው ቪዲዮ ላይ ያለውን ቁጥር ነው ያስገባሁት፤ ከራሴ አላመጣሁ።»

«ወንዴ፣ እነዚያ ጥቁሮች ራቁታቸውን ይህን አይችሉም። ይቃጠላል።»

«በዚህ ብርድ?» ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አሳያት። «በኅዳር፣ ላስታ ላይ፣ እኔ ለብሼ የምንቀጠቀጥበት ቤት ውስጥ ምኑ ነው የሚግለው? አቦ፣ አታሟርቺ!»

ሰብሌ ካቻቢቴውን አንሥታ የመስታወቱን የመጀመሪያ ቡሎን እንዳላላች ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ደሳለ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ደርሷል። የሻረግ ካቻቢቴውን ከሰብሌ እጅ ወሰደችና ከትራስ ሥር ሸጎጠችው።

«ኖር!» ተባለ፤ ሁሉም ብድግ አሉ። «በእግዜር!» አለ ጋሽ ደሳለ፤ ወፍራም ነው፣ ዳገቱ አድክሞታል፤ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ የክፍሏን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ኪሱን ስለቆረቆረው ነው መሰል፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖራት። ትንሽ ቁልፍ ናት፣ ከእንጨት በተጠረበ መስቀል ላይ የተንጠለጠለች። የሻረግ ከረጢቱን ከደጃፍ አስገብታ ውሃውን ፊቱ አቀረበች፤ ስለ ነዳጅ ተወራ፤ ዘንድሮ ስለሚመጣው እንግዳ ተወራ፤ ጋሽ ደሳለ ጄኔሬተሩ በሰዓት የሚጠጣውን ናፍጣ ተናገረ፤ የሻረግ እያንዳንዱን ዋጋ «ወይ ጉድ!» እያለች ተቀበለች። ሰብሌ ቁልፏን ታያለች። «ልጅዎ ናት?» አለ እንግዳው፣ ባለፈው እዚሁ ቆማ እንዳልሰማችው ሁሉ፣ ወደ እሷ በአገጩ እያመለከተ። «ታናሽየዋ ናት» አለች የሻረግ፤ በዚያው አበቃች።

ሰብሌ አንድ ጊዜ ተናገረች። «ጋሼ፣ ማሽኑ አሁን ባለበት ከተጀመረ ይቃጠላል። የተነሣ ዕቃ አለ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡኝና መልሼ ልግጠመው» አለች። ወንዴ ሳቀ። «አቧራ የቀረባት መስሏት ፈርታ ነው፣ ጋሼ» አለ። ጋሽ ደሳለም አብሮ ሳቀ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚያስቅ ነገር መስሎት ነው። የሻረግ ከኋላዋ መጥታ ክንዷን ቆነጠጠቻት፤ እንደ ልጅነቷ፣ ሥጋውን ጠምዘዝ አድርጋ። ሰብሌ ወደ ግድግዳው ሄዳ፣ ማሽኑ መብራት ከሚወስድበት ስታቢላይዘር አጠገብ ቆመች።

ወንዴ ጀመረው። ትልቁ ፋን አጓራ፤ መብራቶቹ ተለዋወጡ፤ በማያው ላይ ፊልሙ ምን ያህል እንደወጣ የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር መጓዝ ጀመረ። አምስት በመቶ፣ አሥራ ሁለት በመቶ። «እዩት እንጂ፣ ጋሼ! በቅሎ አይደለም፣ ፈረስ ነው!» ጋሽ ደሳለ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም የሚያዩት መስመሩን ነበር። ሰብሌ የምታየው በማያው ጥግ ላይ ያለችውን፣ እሷ ራሷ ያስቀመጠቻትን ትንሽ ቁጥር ነው፤ የጥቁሮቹን ሙቀት። በሦስተኛው ደቂቃ ሰባ ዘጠኝ። በአምስተኛው ዘጠና ስድስት። ሰማንያ አምስትን መቼ እንዳለፈች እንኳ አላየቻትም። ሰባተኛው ላይ መቶ ስምንት። በዳንቴሉ ላይ የተቀመጠው የላስቲክ አበባ አንድ ቅጠሉ ልምሾ ሆኖ ወደ ታች መዘንበል ጀመረ፤ ይህን ማንም አላየም። እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ የስታቢላይዘሩን ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። ብትጫነው ማሽኑ ይተርፋል። ቤቱ ሁሉ ይጮህባታል፣ ወንዴ ያፍራል፣ እሷ ግን አሉሚኒየሙን ከበሩ ሥር አንሥታ መልሳ ታስረዋለች። በሃያ ስድስት ደቂቃ የሚያወጣ ማሽን ለሰውየው ታሳየዋለች። መቶ አሥራ ሰባት። ልትጫነው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ይህቺን ውሃ ክፈቺልኝ፤ ክዳኗ እምቢ አለች» አለ ጋሽ ደሳለ ዓይኑን ከማያው ሳይነቅል።

ሰብሌ እናቷን አየቻት። የሻረግ በዓይኗ ውሃውን አሳየቻት። ወንድሟን አየችው፤ በእሷ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ቁጥሩን አየችው፤ መቶ ሃያ አንድ። ከዚያ ጣቷን ከማጥፊያው ላይ አነሣች። መጥታ ውሃውን ተቀበለች። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፣ ቀስ ብላ አዞረች፤ ቸኩላ ብትሆን ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ትከፍተው ነበር። አልቸኮለችም። ብርጭቆውን በንጹሕ ጨርቅ አበሰችው፣ ብርሃን ላይ ይዛ አየችው፣ አፉ ድረስ ቀዳችለት፣ በሁለት እጇ አቀረበችለት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ያኔ ነው «ጧ!» ያለው። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ጨው እሳት ላይ ሲፈነዳ እንደሚሰማው። መስመሩ ስልሳ ሁለት በመቶ ላይ እንደቆመ ማያው ጨለመ። ከዚያ ጭሱ መጣ፤ በዳንቴሉ የአበባ ቅርጽ ባላቸው ቀዳዳዎች በየአበባው፣ ክር ክር እያለ ወጣ። ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

«ሰብሌ!» ወንዴ ከወንበሩ ተወረወረ። «ምን አደረግሽው? ጋሼ፣ እሷ ናት! እሷ ናት የገጠመችው፣ ከቦርዱ እስከ ቡሎኑ! እኔ የካሜራ ሰው ነኝ፣ እኔ ውስጡን ምን አውቄ!»

«ጠዋት እኔው ራሴ ነኝ የገጠምኩት አላልከኝም?» አለ ጋሽ ደሳለ። ወንዴ ወደ እናቱ ዞረ። የሻረግም፣ ያ ሁሉ ዘመን ልጇን በጠረጴዛው ሥር ስታያት የኖረችው የሻረግ፣ «ልጅ ናት፣ ጋሼ፣ አይፍረዱባት፤ እጇ አያርፍም» አለች።

«አዎ» አለች ሰብሌ። «እኔ ነኝ የገጠምኩት።» ሳምንቱን ሙሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ስትለማመደው ከርማለች፤ የት ቆማ እንደምትለው፣ ምን ለብሳ እንደምትለው ሳይቀር አስባበት ነበር። አሁን ሦስቱም አመኗት።

ጋሽ ደሳለ ቁልፏን ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ ከተተ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «አይዞሽ» አላት፤ ከልቡ ነበር፤ «ግን ሴት ልጅ ከኤሌክትሪክ ጋር ባትጋፋ ይሻላል።» ሲወጣ እግሩ በሩ ሥር ያለውን አሉሚኒየም መታው፤ አሉሚኒየሙ ተሽከረከረ፤ ንፋሱ በሩን ከኋላው ገጭ አድርጎ ዘጋው።

የሻረግ ዳንቴሉን አንሥታ አሸተተችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ሳፋ ላይ ውሃ ሞልታ ዘፈዘፈችው፤ ቡናማ ነገር ካረፈበት ላይ በሳሙና ታሸው ጀመር። ወንዴ አዲሱን ሸሚዙን አውልቆ አሮጌውን ለበሰ። ከመውጣቱ በፊት ለእናቱ፣ ለእሷ ሳይሆን ለእናቱ፣ «ነገ ታየዋለች» አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰብሌ አሉሚኒየሙን ከመሬት አንሥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ወልድያ ደወለች። ፀሐይዋ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ እየለቀቀች ነበር፤ ብርዱ ከመሬቱ ይወጣል። «አብሽሪ፣ ኢንጅነር!» አለ አብዱልጀባር፤ «ሰውየው አየው? ሰጠሽ ቁልፉን?»

«ቦርዱ ሞቷል። ጥቁሮቹ ፈነዱ።»

«ያ አላህ! ስንት ደርሶ ነው?»

«መቶ ሃያ አንድ።»

«ልብሱስ?»

«አወለቁት። በላዩ ላይ ሌላ አለበሱት።»

አብዱልጀባር ይህ አልገባውም፤ ሊጠይቃት ጀመረና ተወው። «ሲግል አንቺ እዚያ አልነበርሽም?» አላት።

«ነበርኩ።»

«ቁጥሩን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው አላጠፋሽውም፣ ኢንጅነር?»

ሰብሌ አውራ ጣቷን በአሉሚኒየሙ ክንፎች ላይ አንድ በአንድ አሳለፈች። ከተነቀለ ጀምሮ በሩ ሥር ስለዋለ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«እጄ ሥራ ላይ ነበር» አለችው። «ለእንግዳ ውሃ እየከፈትኩ።»